ምን ጠየቁህ?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የለም። ስሙ የለም። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፣ ከዛ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣ የለም። ደሳለኝ የሚል አንድ አለ፣ የአባቱን ስም ሳነብ ግን ሌላ ሰው ነው።

ዘበኛው ምነው እህቴ የማንን ነው የምትፈልጊ አለኝ። የወንድሜን አልኩት። እሱስ ምነው ራሱ አልመጣ አለኝ። ምን ልበለው። ሥራ ሲጠይቅ አምስተኛው ነው፣ ሰሌዳ ፊት መቆም አቃተው፣ ኢንተርቪው ይገባል፣ ሳምንት ይጠብቃል፣ ከዛ ሰሌዳውን የማየው እኔ ነኝ። እንደኔ አራተኛ ክፍል ላይ ላቋረጠ ሰው ያን ሁሉ ስም ማንበብ ቀላል አይደለም።

ከፒያሳ ታክሲ ተሳፍሬ ማራኪ መውረዴን ረሳሁ፣ አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ።

ወንድሜ አያ ደሴ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የለም አልኩት። እሺ አለና ሳቀ።

ሳቀ። ባለፈው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር፣ ከዛ በፊት አልበላም ብሎ ነበር፣ ዛሬ ሳቀ። ይሄን ሳቅ አውቀዋለሁ። የከድር ሳቅ ነው።

ከድር የአከራያችን የእትዬ ዘሐራ ልጅ ነው። እኔ ከእንፍራንዝ መጥቼ እዚህ ግቢ ጓዳውን ተከራይቼ የተማሪ ልብስ ማጠብ ስጀምር እሱ አዲስ ተመራቂ ነበር። ለኢንተርቪው የሚለብሰውን ሸሚዝ እኔ ነበርኩ የማጥብለት። ሰባት ጊዜ አጥቤለታለሁ። በሰባተኛው አልተሳካም ሲሉት ሳቀ፣ በማግስቱ ልብሱን ሁሉ እጠቢልኝ አለኝ፣ ሁሉን፣ ጋቢውን ሳይቀር። አጠብኩ። ምነው ሁሉን ብዬ አልጠየቅሁም። አዘዞ ጓደኛዬ ጋ ነኝ ብሎ በሰው ላከ፣ ለካ በመተማ በኩል ሄዷል። አንድ ቀን ከሱዳን ደወለ፣ ወደ በረሃው ልንገባ ነው አለ፣ ከዛ ወዲህ ድምፁ የለም፣ ሁለት ዓመት አለፈ።

አያ ደሴ ሰኔ ላይ ተመርቆ ከዶርም ሲወጣ እትዬ ዘሐራ የከድርን ክፍል ሰጡን። ባዶ ቤት ማየት አልችልም ብለው። አሁን የምጽፈው እዛው ክፍል ውስጥ ነው።

ደብተሩን የሰጠችኝ ሰሚራ ናት፣ ከአያ ደሴ ጋር በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀችው። ለሰው መናገር የምትፈሪውን እዚህ ጻፊው አለችኝ። እንግዲህ ጻፍኩ። ፍርሃቱ አልቀነሰም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ኮቱን ቦረሽኩት። ግራጫ ኮት ነው፣ የከድር ነው። አያ ደሴ ኮት የለውም፣ ነሐሴ ላይ መጀመሪያ ለኢንተርቪው ሲጠራ እትዬ ዘሐራ ከሳጥን አውጥተው አለበሱት፣ ትከሻው ልክ ሆነ። ያን ቀን ግቢው በር ድረስ ሸኙት፣ ከዛ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። አምስቱንም ጊዜ የገባው በዛ ኮት ነው። ሌላ ጊዜ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። በሩ ሲከፈት እጅጌው ይነቃነቃል፣ ሁልጊዜ ሰው የቆመ ይመስለኛል፣ ሁልጊዜ።

ስቦርሽ በውስጥ ኪሱ ወረቀት አገኘሁ። ከደብተር የተቀደደ፣ ታጥፎ ታጥፎ ትንሽ የሆነ። ስልክ ቁጥር አለው። ከሥሩ መተማ ስትደርስ ደውል ይላል፣ የደላላ ነው።

ማቃጠል ነበረብኝ። እሳት አጠገቤ ነበር። ግን የጠፋ ሰው ያስቀመጠውን ማቃጠል ፈራሁ፣ እሱን ራሱን የማቃጥለው መሰለኝ፣ እንደነበረ አጥፌ መለስኩት። አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው። መልሼ እንዳላወጣው እሱ ቤት ነው፣ እጄን ኪስ ውስጥ ቢያየውስ።

ወጣሁ። እትዬ ዘሐራ ደጅ ላይ በርበሬ ይለቅማሉ። ፊትሽ ምነው አሉኝ፣ የአያ ደሴ ስም እንዳልወጣ ነገርኳቸው። የተበላሸውን በርበሬ ወዲያ ጣሉ። ከዛ ወደኔ ሳያዩ እንዲህ አሉኝ፣

"እኔ ከድርን አይዞህ፣ አላህ ያውቃል፣ ነገ ይገኛል እለው ነበር። ሰባቴ እንዲሁ አልኩት። አንድ ቀን ምን ጠየቁህ ብዬው አላውቅም።"

እኔም አላልኩም። አምስት ጊዜ አይዞህ ነው ያልኩት። የማይገባኝ ነገር ነው ብዬ፣ እኔ ምን አውቄ ብዬ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠየቅሁት። ዳቦና ሻይ አቀረብኩለትና ምን ጠየቁህ አልኩት። ምን ይሠራልሻል አለኝ። ምንም አይሠራልኝም ንገረኝ አልኩት። አየኝና መጀመሪያ ስለራስህ ንገረን ይላሉ አለ።

"ምን አልካቸው?"

"ስሜን ነገርኳቸው።"

"ከዛስ?"

"ከዛ ምን አለ፣ ዝም አልኩ።"

አምስቱም ቦታ እንዲሁ ነው። ስሙን ይናገራል ከዛ ዝም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠው እኔ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ላውራ ወይ አለኝ፣ አያፍርም ሊሉኝ። እኔም እውነት ነው አልኩ። እውነት ነው የመሰለኝ።

ሰሚራ መጣች። ሰሚራ እንደኛ አይደለችም፣ ቅዳሜ ገበያ ካባቷ ሱቅ ጨርቅ እየሸጠች ነው ያደገችው፣ አፏ አይታሰርም። እሷም ሦስት ቦታ ጥለዋታል፣ ወላሂ እኔን ደግሞ አብዝተሽ ታወሪያለሽ ብለው ነው የሚጥሉኝ ትላለች። የነገርኩትን ሰማችና አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን አጣምራ ተቀመጠች። እኔ ኃላፊው ነኝ፣ ውጣና አንኳኩተህ ግባ አለችው። አልገባም አለ። ጎተተችው።

ገባ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። ተቀመጥ አለችው። ግድ የለም አለ። ተቀመጥ እንጂ። እዚሁ ይሻለኛል።

"ለቅሶ ልትደርስ ነው የመጣኸው? ማን ሞተብን?"

ተቀመጠ፣ በወንበሩ ጫፍ። ከክፍላችሁ ስንተኛ ነበርክ አለችው። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበርኩ አለ። ትራሱን ወረወረችበት። ሦስተኛ ነበርክ እኮ አለችው፣ ከመቶ ልጅ ሦስተኛ፣ እኔ ካንተ ኮርጄ ነው ያለፍኩት፣ ደህና ነበርኩ ይላል እንዴ ሰው።

እኔ ሳቅሁ ሳቅሁ። ከዛ ሳቁን ተውኩት። ምክንያቱም አባታችን እንዲሁ ነው ያሳደገን። ትልቅ ሰው ፊት ቀና አትበሉ፣ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ፣ ከተጠየቃችሁ ባጭሩ፣ ተቀመጡ ቢሏችሁ ሦስት ጊዜ እስኪሏችሁ ቁሙ። አያ ደሴ ከሁላችን የታዘዘ እሱ ነው። ያገራችን ሰው ሸጋ ልጅ፣ የተባረከ ልጅ የሚለው እሱን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ደግሞ በራሱ አይተማመንም ብለው የሚጽፉበት በዚሁ ነው። ሰሚራ አንድ ጊዜ የፈታኞቹን ወረቀት በጎን አይታዋለች።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሥራ ስጠው አላልኩም ዛሬ፣ ከመሄድ አስቀርልኝ ነው ያልኩት። ሚካኤል ያስቀረው እንጂ ሥራውስ ይቆይ።

በዓል ነውና እጥበት የለም። ሰሚራ የተወችልኝን የጥያቄ ወረቀት ይዤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ እንደሷ። አያ ደሴ ይሄ ደግሞ ምን ቅዠት ነው አለ። ግን ወጥቶ አንኳኳ። ተቀመጥ ስለው ተቀመጠ። ሁለቴ ሳልለው፣ ባንድ ጊዜ።

ጥያቄው ለኔ ከባድ ነው፣ ቃሉን እየቆራረጥኩ ነው የማነበው፣ የማይገባኝን ምን ማለት ነው እለዋለሁ። እሱ በመጽሐፍ ቋንቋ ይጀምራል። አልገባኝም እለዋለሁ። ደግሞ ይጀምራል። አልገባኝም። ተናደደ። ጥያቄው የሆድ መንፋት ስለሚባል የከብት በሽታ ነበር። ተናድዶ እንዲህ አለኝ፣

"ዳልቻ ትዝ ትልሻለች? ዳልቻ በሱ ነው የሞተችው።"

ዳልቻ ላማችን ነበረች። እኔ ነበርኩ ያን ቀን የምጠብቃት። ማለዳ ጤዛ ያለበት ለምለም ሣር ላይ ለቀቅኋት፣ ሆዷ ነፋ፣ ከቀትር በፊት ወደቀች። ከትምህርት የወጣሁትም በዛው ዓመት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ገደልኳት እላለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ በሕልሜ ትመጣለች፣ ሆዷ እንደተነፋ ቆማ ታየኛለች።

ነገርኩት። አያ ደሴ ተነሳ። ጥፋትሽ አይደለም አለ፣ ማንም አልነገረሽ፣ መጀመሪያ ደረቅ ገለባ ብታበያት ኖሮ፣ የፊት እግሯን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብታቆሙላት፣ ዘይት ብታጠጧት፣ እንዲህ አድርጎ በግራ ጎኗ አየሩ የሚወጣበት አለ፣ እያለ በእጁ እያሳየ፣ ወለሉ ላይ በጣቱ ሆዷን እየሣለ፣ ለምን እንደሚነፋ፣ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ተናገረ። ዓይኔን እያየ። ሁሉም ገባኝ። ለአራተኛ ክፍሏ ለኔ ገባኝ።

ሲጨርስ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ይሄን ለነሱ ነግረሃቸዋል ወይ አልኩት። የለም አለ። እንዲሁ እንደነገርከኝ ንገራቸው አልኩት።

እነሱ ጋ ቀና ስል የአባባ ፊት ነው የሚመጣብኝ አለኝ።

እኔን ግን አየኝ። ይሄን ልጻፈው። ዛሬ ዓይኔን እያየ ተናገረ።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

ስሙ ወጣ። ለኢንተርቪው። ሰሚራ ሰሌዳው ላይ አይታ እየሮጠች መጣች፣ ወደ ደባርቅ መንገድ ያለ ወረዳ ነው፣ የእንስሳት ባለሙያ፣ አንድ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ዜሮ ዓመት፣ ሰኞ አራት ሰዓት። ዜሮ ዓመት ማለት ልምድ አንጠይቅም ማለት ነው። እሷን አልጠሯትም፣ ግን እንደተጠራች ነው የሮጠች። እትዬ ዘሐራ ከጓዳ ወጥተው አልሐምዱሊላህ አሉ። አያ ደሴ ጥሩ ነው አለ። ሳቀ።

ለምን ትስቃለህ አላልኩም።

ከሰዓት እሱ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ኮቱን አወረድኩ፣ ለሰኞ ልቦርሸው። እጄን ወደ ውስጥ ኪስ ከተትኩ።

ወረቀቱ የለም።

ሌላውን ኪስ አየሁ። የውጩን፣ የደረቱን፣ ገበሩ ተቀዶ እንደሆነ በጣቴ ዳሰስኩ። መሬቱን አየሁ፣ አልጋ ሥር ገባሁ። የለም። ማርያም። እኔ አላወጣሁትም። ሰሚራ ኮቱን አልነካችውም።

እሱ ነው።

ውኃውን ይዞ ገባ፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ጀሪካኑን ተቀበልኩት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ያደረገውን ልጻፍ፣ ምናልባት ስጽፈው ምንም አይደለም ይሆናል።

ጫማውን ሁለቴ ጠረገ።
መዝገበ ቃላቱን ጎን ክፍል ላለው ተማሪ ሰጠው። አልፈልገውም ብሎ።
ወደ አባባ ደወለ፣ ጤፉ ታጨደ ወይ አለ፣ ብዙ አወራ፣ እሱ ስልክ ላይ ብዙ አያወራም።
መታወቂያውን ፈለገ፣ አገኘው፣ በላስቲክ ጠቀለለው።
ሸሚዞቼን እጠቢልኝ አለኝ። የትኛውን አልኩት። ሁሉንም አለ።

ሳሙና አልቋል አልኩት። አላለቀም። ሁለት ሳሙና አለ፣ እንጀራ ማስቀመጫው ኋላ ደበቅኩት። በሕይወቴ አያ ደሴን ዋሽቼው አላውቅም። ሂጂና ግዢ ቢለኝ ምን ልለው ነበር። አላለኝም። እሺ አለ።

ከድር የሄደ ጊዜ ሬዲዮኑን ለዘበኛ ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ እንዴት ደግ ነው ብዬ ነበር።

መታገሥ አልቻልኩም፣ ለእትዬ ዘሐራ ሄጄ ተናገርኩ። ወረቀቱን ሁሉ። እንዳልኩት ተጸጸትኩ፣ ልጃቸው ያስቀመጠው ነገር እኮ ነው፣ ያውም እኔ ኪስ ስበረብር ያገኘሁት። ፊታቸው አልተለወጠም። አውቀዋለሁ አሉ። ማንበብ አልችልም፣ አንዴ በተማሪ አስነብቤዋለሁ፣ በቁጥሩ ስንቴ አስደወልኩ፣ አያነሱትም። ከዛ መልሼ አስቀመጥኩት አሉ፣ እሱ ያስቀመጠበት ነው ብዬ።

እኔም መልሼ ነው ያስቀመጥኩት አልኳቸው።

መልሶ ማስቀመጡ ነው የከፋ አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። ተነሱና ነገ ስትፈትኑት እኔም እገባለሁ አሉኝ።


እሑድ፣ ኅዳር 15

ሦስት ሆነን አልጋው ላይ ተቀመጥን። ሰሚራ በመሃል፣ እኔ በግራ፣ እትዬ ዘሐራ በቀኝ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እውነተኛ ኃላፊ ይመስላሉ። ሰሚራ ወላሂ እርሶን ወረዳ ቢያስቀምጡዎ አንድ ሰው አይቀጠርም አለቻቸው። ዝም በይ ፈተና ላይ ነን አሉ።

አያ ደሴ ኮቱን ለብሶ አንኳኩቶ ገባ። ለኔና ለሰሚራ ደህና ነው፣ ይመልሳል፣ እንዲያውም ሰሚራን አንድ ቦታ አረማት። እትዬ ዘሐራ ሲጠይቁት ግን አንገቱ ወደቀ። ቀና በል አሉት። ቀና አለ፣ ወደቀ። ቀና በል ልጄ፣ እኔ ነኝ የማዝህ፣ መታዘዝ ከፈለግህ ይሄንን ታዘዝ አሉት። አየሁት፣ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አያቸው። እንደዛው ቆየ።

ሰባት ጥያቄ መለሰ። ስለራስህ ንገረን ሲባል ካባቴ ከብት ኋላ ነው የተማርኩት አለ፣ የሞተብንን ላም ተናገረ፣ ከክፍሌ ሦስተኛ ነበርኩ አለ። አለው። ሰሚራ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ከዛ እትዬ ዘሐራ አንድ የራሴ ጥያቄ አለኝ አሉ።

"ነገ ባይሳካስ፣ ከዛ ወዴት ነህ?"

የኮቱን ቁልፍ ነካካ። አያ ደሴ ወደኔ አየ፣ ነገርሽ ወይ እንደማለት፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

እትዬ ዘሐራ ተነሱ፣ ወደሱ ሄዱ፣ የኮቱን ኮሌታ አቃኑለት።

"ይሄ የከድር ነው። እሱ ሰው ነው የላከብኝ፣ አዘዞ ነኝ በላት ብሎ። አንተ እንዲህ አታድርገኝ። ነገ ሲመሽ ራስህ አምጥተህ በእጄ ስጠኝ፣ ቢሳካም ባይሳካም። ከዛ መሄድ ካማረህ ፊት ለፊት ንገረኝ፣ ስንቅ ቋጥሬ እሸኝሃለሁ። ተደብቀህ ግን አይሆንም።"

እሺ አለ። እሺ ግን ከድርም ብሎ ነበር። ሁሉም ሰው እሺ ይላል።

ሰሚራ ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ። እጅሽ በረዶ ነው አለችኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ሸኘሁት። እኔ ያላሰብኩት ነገር፣ የመተማውም የደባርቁም ማኪና የሚነሳ ከዛው ነው። ረዳቶቹ መተማ መተማ፣ ደባርቅ ደባርቅ እያሉ ይጮሃሉ፣ ድምፁ ተቀላቅሎ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሆነ። ብርድ ነው፣ ሁሉም ተጀቡኗል፣ የማን ልጅ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ቦርሳ ብቻ የያዙ ወጣቶች ግድግዳ ሥር ቆመው አየሁ፣ አምስት ስድስት፣ አንዳቸውም አያወሩም።

ማኪናው እስኪወጣ ልቁም አልኩት። ሂጂ ይበርድሻል አለኝ። አይበርደኝም አልኩት። የሺ ሂጂ፣ አንቺ ስታዪኝ እንባዬ ይመጣል፣ ከዛ ዓይኔ ቀልቶ ነው የምገባው አለኝ። ሄድኩ። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል በሰው መሃል የለም። ግራጫ ኮት ፈለግሁ፣ ሁሉም ግራጫ ነው።

በየትኛው እንደገባ አላየሁም።

ልብስ ጀመርኩ፣ አንድ ባልዲ አጥቤ ተውኩት። በሦስት ሰዓት ደወልኩ፣ ተዘግቷል። ኢንተርቪው አለና ይዘጋል። በአምስት ደወልኩ፣ ተዘግቷል። በስድስት፣ ተዘግቷል። ሰሚራ እዛ ኔትዎርክ የለም አለችኝ። ወደ መተማ መንገድስ ኔትዎርክ አለ ወይ አልኳት።

እትዬ ዘሐራ ሰግደው ሲጨርሱ ከስጋጃው አልተነሱም። እዛው ናቸው። ሁለታችንም የግቢውን በር ነው የምናይ።

አሁን ሰባት ሰዓት ነው። ይሄን የምጽፈው እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።


ማታ፣ አንድ ሰዓት

መጣ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩን ገፍቶ ገባ፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞ። ቀጥ ብሎ ወደ እትዬ ዘሐራ ሄዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀበሉትና ጓዳ ገቡ። እኔ የልብስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዛ ወደኔ መጣና ጮኸብኝ። እውነት ጮኸ፣

"ምን ጠየቁህ አትይኝም?"

ምን ጠየቁህ አልኩት። እያለቀስኩ ነው ያልኩት።

ሁለተኛ ወጣ። አራት ሰው ነበሩ፣ እዛው አስጠብቀው ከሰዓት ነገሯቸው። አንድ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ እሱ ሁለተኛ ነው፣ ተጠባባቂ። ተጠባባቂ ማለት የመጀመሪያው ከቀረ አንተን እንጠራለን ማለት ነው፣ ግን አይጠሩም አለ፣ ሰሚራም አይጠሩም አለች። እሱ የተናደደው ለዛ አይደለም። አንድ ጥያቄ ተሳሳተ። የበግ ክትባት በስንት ወር ነው ብለውት ቸኩሎ ተሳሳተ፣ እያወቀው፣ ከበሩ ሲወጣ ትዝ አለው። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ እንዴት ይሄ ይጠፋኛል፣ አንቺ እንኳን ታውቂዋለሽ፣ በአባባ ሞት እያለ ተናደደ። የላሟን ነገር ሲናገር አንደኛው ሽማግሌ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደሰማው ነገረኝ። ቀና ብለህ ነው ወይ አልኩት። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ወደ ጠረጴዛው እግር አያለሁ።

አምስቱን ጊዜ አንድም ቀን እንዲህ ተናድዶ አያውቅም።

እንጀራ አቀረብኩ፣ በላ፣ ደግሞ ጨምሪ አለ። ሲበላ ሳየው ሳምንቱን ሁሉ አፌ ላይ የነበረው ወጣ። ወረቀቱን አንተ ነህ የወሰድከው አልኩት።

መብላቱን አቆመ። አዎ አለ። ጠዋት መናኸሪያ ሆኜ ደወልኩበት አለ። እንደማያነሱት እትዬ ዘሐራ ነግረውኝ ነበር፣ እሱ ግን አንድ ሰው አነሳው አለ። ማን ነህ አላለኝም፣ ከየት ነህ አላለኝም።

"ምን አለህ?"

"ስንት ናችሁ አለኝ።"

ልክ የተለመደ ነገር እንደሚጠይቅ፣ እንደ በግ ነጋዴ አለ አያ ደሴ። ስንት ናችሁ አለኝ ደግሞ፣ ዘጋሁበት። የደባርቁ ማኪና እየተነቃነቀ ነበር፣ ሮጬ ያዝኩት አለኝ።

ይሄን ሲነግረኝ ዓይኑ እጁ ላይ ነበር። ያንን ድምፅ ከድርም ሰምቶታል ብዬ አሰብኩ። ከድር ምን እንደመለሰ አሰብኩ፣ አንድ ነኝ ብሎ ይሆናል። ለእትዬ ዘሐራ ስልኩ እንደተነሳ እንንገራቸው ወይ አልኩት። አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም። ቢነሳላቸው የሚጠይቁት ልጃቸውን ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የሚጠይቃቸው ስንት ናችሁ ብሎ ነው።

ወረቀቱ የት ነው አልኩት። ሱሪዬ ኪስ ነው አለ። ስጠኝ አልኩት። ነገ አለ። አልተከራከርኩም።

አሁን እግሩን ታጥቦ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ጠዳ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ብላዋለች ሰሚራ፣ የሚመዘገቡት እስከ ነገ እኩለ ቀን ነው። የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ቆጠረ፣ ሁለት ቀርቶታል፣ አንዱን ለየ። ከዛ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ እኔም እንደገና ፈራሁ።

ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

"የሺ፣ በአሥራ ሁለት ቀስቅሺኝ" አለኝ።